ጥቁር ቦክሱ ስር ያለው ስም አልጠፋም

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ "ሰላም ባለሙያዎች። በምሠራበት ድርጅት ሦስት ሴት ሠራተኞች በአንድ ኃላፊ ላይ ያቀረቡት ቅሬታ ተጣርቶ 38 ገጽ ሪፖርት ተጻፈ። ለቦርዱና ለለጋሹ ሲላክ የቅሬታ አቅራቢዎቹና የምስክሮቹ ስም መውጣት የለበትም ተባልኩ። ወርድ ላይ በየስሙ ላይ ጥቁር ቦክስ አድርጌ ወደ ፒዲኤፍ ቀየርኩትና ለአንድ የቦርድ አባል በቴሌግራም ላክሁ። ዛሬ አንድ ባልደረባዬ ኮፒ አድርጌ ኖትፓድ ላይ ፔስት ሳደርገው ስሞቹ በሙሉ ወጡ አለኝ። በጣም ደንግጫለሁ። አባሪ የሆኑ ኤክሴልና ስካን የተደረጉ ደብዳቤዎችም አሉ። በትክክል የሚጠፋው እንዴት ነው? ሶፍትዌር መግዛት የግድ ነው?"

ሰላም እህቴ። መጀመሪያ ነገር ያ ባልደረባሽ ትልቅ ውለታ ነው የዋለልሽ፣ ይሄን ነገር ቀድሞ የሚያገኘው ሰው ብዙ ጊዜ ወዳጅ አይደለም። ስለተላከው ፋይል መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ፣ ግን አሁኑኑ ቴሌግራም ውስጥ ገብተሽ ያንን ፋይል ከአንቺም ከቦርድ አባሉም በኩል እንዲጠፋ አድርገሽ ዲሊት አድርጊውና ተመልሰሽ አንብቢ፣ ሌላው ይደርሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረቀት ላይ ቀለም ብታፈሺበት ቀለሙና ስሙ አንድ ላይ ነው የሚሆኑት፣ ኮምፒውተር ላይ ግን እንደዛ አይደለም። ከወርድ የወጣ ፒዲኤፍ ፎቶ አይደለም፣ የትእዛዝ ዝርዝር ነው በይው፦ "እዚህ ቦታ ላይ እነዚህን ፊደሎች አስቀምጥ" የሚል ትእዛዝ አለ፣ ቀጥሎ ደግሞ "እዚሁ ቦታ ላይ ጥቁር አራት ማዕዘን ሳል" የሚል ሌላ ትእዛዝ አለ። አንቺ የጨመርሽው ሁለተኛውን ነው፣ የመጀመሪያውን ማንም አልነካውም። ስክሪኑ ላይ የሚታይሽ የሁለቱ ውጤት ስለሆነ ጠፋ ትያለሽ፣ ፊደሎቹ ግን እዛው ቁጭ ብለዋል፣ ሰርች ሲደረግ ይገኛሉ፣ ሰሌክት ሲደረግ ይያዛሉ። ፊደሉን ነጭ ማድረግም፣ ጀርባውን ማጥቆርም፣ በጥቁር ሃይላይተር መቀባትም ያው አንድ ነው። ሸፈንሽ እንጂ አላጠፋሽም።

ደግሞ ያንቺ ስንፍና አድርገሽ እንዳትወስጂው። ጃንዋሪ 2019 ላይ የትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ሊቀመንበር የነበረው የፖል ማናፎርት ጠበቆች ዋሽንግተን ለሚገኘው ፍርድ ቤት ባስገቡት ሰነድ ላይ ልክ አንቺ ያደረግሽውን ነው ያደረጉት፣ ጋዜጠኞች ጥቁሩን ክፍል ኮፒ ፔስት ሲያደርጉት ሰውዬው የምርጫ ዳሰሳ ዳታ ከሩሲያ ስለላ ጋር ግንኙነት አለው ለሚባለው የሥራ ባልደረባው ለኮንስታንቲን ኪሊምኒክ አካፍሏል የሚለው ምስጢር በሰዓታት ውስጥ ዓለም አወቀው። ትልልቅ ጠበቆች ናቸው፣ ገንዘብም ባለሙያም አላቸው፣ ግን ሥራውን ሲሠሩ ዓይናቸውን ነው ያመኑት። በዚህ ሥራ ላይ ዓይን ምስክር መሆን አይችልም፣ የምነግርሽ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

እንግዲህ ከወርዱ እንጀምር፣ ምክንያቱም ኦሪጅናሉ ወርድ እጅሽ ላይ ካለ ፒዲኤፉ ላይ የምትታገይበት ምንም ምክንያት የለም። ኦሪጅናሉን አትንኪው፣ ኮፒ አውጪና ኮፒው ላይ ሥሪ። ከዛ ቦክሶቹን በሙሉ አንስተሽ ስሙን ራሱን አጥፊውና በቦታው "ቅሬታ አቅራቢ 1"፣ "ምስክር 2" እያልሽ ጻፊ። ከጥቁር ቦክስ ይሄ በብዙ ይሻላል። አንደኛ አንባቢው ማን ምን እንዳለ ሳይጠፋበት ይከተላል፣ 38 ገጽ ጥቁር በጥቁር የሆነ ሪፖርት ለቦርድ ብትልኪ ማንም አይረዳውም። ሁለተኛ ቦክስ ርዝመቱ ራሱ ይናገራል፣ በ20 ሠራተኛ መካከል የትኛው ስም ነው እዚህ ክፍተት ላይ ልክ የሚገባው ብሎ የሚለካ ሰው ሊያገኘው ይችላል፣ በ2022 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፒዲኤፍ ውስጥ የሚቀረውን የፊደል አቀማመጥ በመለካት ብቻ የተሰረዘ ስም መልሶ ማግኘት እንደሚቻል አሳይተዋል። "ምስክር 2" ግን ለሁሉም እኩል ነው። ማን ምስክር 2 እንደሆነ የሚያሳየውን ዝርዝር ደግሞ እዛው ፎልደር ውስጥ እንዳታስቀምጪው፣ ለብቻው ይያዝ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፣ የእንግሊዝኛ መመሪያዎችም የማይነግሩሽ ነገር ላይ ደረስን፣ እሱም የኛ ፊደል ነው። እንግሊዝኛ ላይ ስሙን ፋይንድ ብለሽ ሪፕሌስ ኦል ብትይ ብዙውን ጊዜ ያልቃል። አማርኛ ላይ እንደዛ ያደረገ ሰው ግማሹን ስም ትቶ ነው የሚሄደው። ለምሳሌ ፀሐይ የሚል ስም ውሰጂ። መጀመሪያው ፊደል ፀ ወይ ጸ ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል፣ ያ ማለት አንዲት አጭር ስም በ12 ዓይነት ልትጻፍ ትችላለች፣ ለኮምፒውተሩ ደግሞ አስራ ሁለቱም የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሪፖርቱን የጻፉት ሁለት ሦስት ሰዎች ከሆኑ እያንዳንዱ የለመደውን ነው የሚጽፈው፣ እንዲያውም አንድ ሰው ራሱ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት ይጽፋል፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ገብረመድኅን ደግሞ አንዴ ገ/መድህን ይሆናል፣ አንዴ ገብረ መድህን ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ሙሉውን ስም ከመፈለግ የማይለዋወጠውን የስሙን ቁራጭ ፈልጊ፣ ለፀሐይ "ይ" ብቻ ብለሽ መፈለግ አይቻልም ግን ለገብረመድኅን "መድ" ማለት በቂ ነው፣ ለፀሐይ ደግሞ አስራ ሁለቱንም ወረቀት ላይ ጽፈሽ አንድ በአንድ እየሰረዝሽ ሂጂ፣ ሌላ አቋራጭ የለውም።

ሁለተኛው የፊደል ችግር ቅጥያው ነው። የፀሐይ፣ ለፀሐይ፣ ከፀሐይ፣ ስለፀሐይ፣ ፀሐይን፣ ፀሐይም፣ እነፀሐይ። ፋይንድ ላይ ሙሉ ቃል ብቻ ፈልግ የሚለውን ምልክት ካደረግሽበት እነዚህን በሙሉ ያልፋቸዋል። ምልክቱን ካጠፋሽው ደግሞ ሪፕሌስ ኦል ማለት አትችይም፣ አበበ የሚለውን ስታጠፊ አበበችም ውስጥ ገብቶ "ምስክር 1ች" የሚል ነገር ይሠራልሽና አበበች ማን እንደሆነች ከዛው ይታወቃል። ስለዚህ አንድ በአንድ፣ ፋይንድ ኔክስት እያልሽ፣ ዓረፍተ ነገሩን እያነበብሽ። 38 ገጽ ነው፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ይፍጅ።

ሦስተኛው ደግሞ አሮጌ ፎንት ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት እስካሁን ዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር የሚጋራው የፊደል አሠራር) ያልሆኑ የድሮ የግዕዝ ፎንቶች ይጠቀማል፣ ስክሪኑ ላይ አማርኛ ይመስላል እንጂ ከስር ያለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው። በእንደዚህ ዓይነት ጽሑፍ ውስጥ ስሙን በአማርኛ ኪቦርድ ብትፈልጊው "አልተገኘም" ይልሻል፣ አንቺም ንጹህ ነው ብለሽ ትልኪያለሽ። የሆነ አንቀጽ ላይ ፎንቱን ኒያላ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፎንት ቀይሪው፣ ጽሑፉ ወደ ትርጉም አልባ የላቲን ፊደል ከተቀየረ አሮጌ ፎንት ነው ማለት ነው፣ ያንን ክፍል በዓይን እያነበብሽ እንደገና ጻፊው። ኮፒ ሲደረግ ዝብርቅርቅ ስለሚል ማንም አያነበውም ብለሽ እንዳትተዪው፣ ፎንቱ ያለው ሰው መልሶ ያነበዋል።

በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስምም አለ፣ ኢሜይል አድራሻ ውስጥ፣ ፊርማ ስር፣ ስካን የተደረገ መታወቂያ ላይ። አንድ ሰው ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዓይነት፣ ኢሜይሉ ላይ በሌላ ዓይነት ስፔል ያደርጋል፣ እሱንም ዝርዝርሽ ውስጥ ጨምሪው። የስልክ ቁጥር፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የሠራተኛ መለያ ቁጥር፣ ቀበሌና የቤት ቁጥርም እንደዛው ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ ይውጣ።

ስም ብቻ አውጥተሽ ግን አልጨረስሽም፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እነዚያን ሴቶች የሚያጋልጣቸው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። አማርኛ ግሱ ውስጥ ሰውየውን ይዞ ይዞራል። "ምስክር 2 ተናገረች" ካልሽና መጋዘን ክፍል ውስጥ ያለችው ሴት አንድ ብቻ ከሆነች ስሟን ጻፍሽው ማለት ነው። "ምስክር 3 እንዳሉት" ካልሽ ደግሞ በዕድሜ ወይ በሥልጣን ከፍ ያለ ሰው እንደሆነ ነገርሽ፣ ሌሎቹን ምስክሮች "አለ" እያልሽ ይሄንን ብቻ "አሉ" ካልሽው ማን እንደሆነ ኃላፊው ወዲያው ያውቀዋል። መውጫው "በምስክር 2 ቃል መሠረት" ወይም "እንደ ምስክር 3 ገለጻ" ብሎ መጻፍ ነው፣ ጾታም አንቱታም የለበትም። ከዛ "ከወሊድ ፈቃድ በተመለሰች በሳምንቱ" የሚለው፣ "የሌሊት ፈረቃ ተረኛ የነበረው ጥበቃ" የሚለው፣ "የኃላፊው ጸሐፊ" የሚለው አለ። ለቦርድ አባል ምንም አይደለም፣ መሥሪያ ቤቱን ለሚያውቅ ሰው ግን ስም ነው። ሪፖርቱን ልክ ያ የተከሰሰው ሰው እንደሚያነበው አድርገሽ አንብቢው፣ "ይቺማ እገሌ ናት" ሊል የሚችልበት ቦታ ሁሉ ይነካ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ የምስክር ቃል በራስሽ አትቀይሪ፣ ሪፖርቱን ያጣሩት ሰዎች ይዩት ይስማሙበት፣ መግቢያው ላይም "ማንነትን የሚገልጹ ዝርዝሮች ወጥተዋል" የሚል አንድ መስመር ይጻፍ፣ ያለዚያ ነገ ሪፖርቱ ተቀይሯል የሚል ሌላ ክርክር ይመጣል።

እሺ ጽሑፉ ጸዳ እንበል። አሁን ወርዱ ሆዱ ውስጥ የያዘው አለ። ትራክ ቼንጅስ በርቶ ከነበረ አንቺ ያጠፋሽው ስም ሁሉ "ይሄ ተሰረዘ" ተብሎ እዛው ተመዝግቧል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ትራክ ቼንጅሱን አጥፊ፣ ለውጦቹን በሙሉ አክሰፕት አድርጊ፣ ኮሜንቶቹን ሰርዢ። ኮፒው ላይ እያለሽ ፋይል፣ ኢንፎ፣ ቼክ ፎር ኢሹስ፣ ኢንስፔክት ዶክመንት በይና የሚያገኘውን ሁሉ ሪሙቭ በይው፣ የጸሐፊውን ስም፣ የተደበቀ ጽሑፍ፣ ሄደርና ፉተር ያሳይሻል። ይሄ መሣሪያ ጥሩ ነው ግን በእሱ ብቻ አትተኚ፣ ነጭ የተቀባ ፊደልን ወይ ከሥዕል ስር ያለን ጽሑፍ አያገኝም። የዶክመንቱን ታይትልም እዪው፣ ብዙ ጊዜ ከአሮጌ ፋይል ላይ ሴቭ አዝ ስለምንል የሌላ ሰው ጉዳይ ርዕስ ይዞ ይሄዳል። የፋይሉ ስምም አለ፣ ውስጡን አጽድተሽ ፋይሉን በቅሬታ አቅራቢዋ ስም ሴቭ አድርገሽ እንዳትልኪው፣ ይሄ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ሜታዳታ፣ ማለትም ፋይሉ ስለራሱ በሆዱ የሚይዘው መረጃ፣ ምን ያህል እንደሚናገር ማወቅ ከፈለግሽ የ2005 የዊቺታ ካንሳስን ጉዳይ አስቢ። ለ30 ዓመት ያህል ፖሊስ ሲፈልገው የነበረ ነፍሰ ገዳይ ለቴሌቪዥን ጣቢያ ፍሎፒ ዲስክ ላከ፣ መርማሪዎቹ ዲስኩ ላይ ከተሰረዘ የወርድ ፋይል ውስጥ "ዴኒስ" የሚል ስምና የአንድ ቤተክርስቲያን ስም አገኙ፣ ዴኒስ ሬደር በዛው ወር ተያዘ። እዛ ጋ ለፍትህ ሆነ፣ አንቺ ጋ ግን ያው መንገድ አቤት ያሉትን ሴቶች ነው የሚያስይዘው።

የራሴንም ልንገርሽ። ከብዙ ዓመት በፊት የምሠራበት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዓመታዊ ሪፖርት አዘጋጅ ነበር፣ የደመወዝ ወጪ በየክፍሉ የሚያሳይ አንዲት ትንሽ ቻርት ከኤክሴል ኮፒ አድርጌ ወርዱ ላይ ፔስት አደረግኩ፣ ቻርቷ ላይ አራት ዘንግ ብቻ ነው የሚታየው፣ ስም የለም ምን የለም። ወርዱን እንዳለ ለሁሉም ክፍል በኢሜይል ላኩት። ከሰዓት በኋላ አንድ ልጅ ቻርቷ ላይ ገብቶ ኤዲት ዳታ ሲል የሠራተኛው ሁሉ ደመወዝ ከነስሙ ተዘረገፈ፣ ምክንያቱም ፔስት ሳደርግ ሙሉው የኤክሴል ፋይል አብሮ ገብቶ ነበር። ሰው ከሰው ተጣላ፣ ለዓመታት አብረው ቡና የሚጠጡ ሰዎች ተኳረፉ፣ ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ማንንም ይቅርታ ብዬ የመለስኩት ነገር የለም። ከዛን ቀን ጀምሮ ቻርትና ቴብል ወርድ ላይ የማስገባው ፒክቸር አድርጌ ነው፣ ፔስት ስፔሻል ገብተሽ ፒክቸር የሚለውን መምረጥ ነው። ወርድ ላይ ክሮፕ ያደረግሽው ፎቶም እንደዛው ነው፣ የተቆረጠው ክፍል የሚጠፋው ኮምፕረስ ፒክቸርስ ውስጥ ገብተሽ የተቆረጠውን አጥፋ ስትይው ብቻ ነው። ለማየት ከፈለግሽ የወርዱን ፋይል ኮፒ አድርገሽ መጨረሻው ላይ ያለውን ዶክኤክስ የሚለውን ወደ ዚፕ ቀይረሽ ክፈቺው፣ ውስጡ ሚዲያ የሚል ፎልደር አለ፣ ፎቶዎቹ ሳይቆረጡ እዛ ተደርድረው ታገኛቸዋለሽ።

ኤክሴሉን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፣ ኤክሴል አትላኪ። ሃይድ የተደረገ ሺት፣ ሃይድ የተደረገ ኮለም፣ በፊልተር የተሰወረ ረድፍ፣ ሁሉም አብረው ይሄዳሉ፣ ፒቮት ቴብል (ኤክሴል ብዙ ዳታ ጨምቆ የሚያሳይበት ሰንጠረዥ) ደግሞ የተሠራበትን ዳታ በሙሉ በሆዱ ይዞ ነው የሚሄደው፣ ዋናውን ሺት ብታጠፊው እንኳን። የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ ኦገስት 2023 ላይ "በየማዕረጉ ስንት ሠራተኛ አላችሁ" ለሚል ቀላል የመረጃ ጥያቄ በኤክሴል መለሰ፣ ፋይሉ ውስጥ ሃይድ የተደረገ አንድ ሺት ነበር፣ እሱ ላይ የ9,483 ፖሊሶችና ሠራተኞች የአባት ስም፣ የመጀመሪያ ስማቸው ፊደል፣ ማዕረግና የሚሠሩበት ቦታ። ኢንተርኔት ላይ የቆየው ከሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም ግን ፖሊስነታቸውን ከጎረቤት ደብቀው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ፣ እዛ ፖሊስን የሚያጠቁ ታጣቂዎች ዝርዝሩ እጃችን ገብቷል አሉ፣ ቤታቸውን ለመልቀቅ የተገደዱ አሉ። በ2024 የእንግሊዝ የመረጃ ኮሚሽነር 750,000 ፓውንድ ቀጣቸው፣ ግን ገንዘቡ የቤተሰብ እንቅልፍ አይመልስም። ስለዚህ የሚያስፈልገውን ሴል ብቻ ኮፒ አድርገሽ አዲስ ባዶ ኤክሴል ላይ ቫልዩ ብቻ ፔስት አድርጊ፣ ከዛ ፒዲኤፍ አውጪው።

ስካን የተደረጉት ደብዳቤዎች ሌላ ጣጣ አላቸው። አሁን ያሉት ስካነሮችና የስልክ ስካን አፖች ፎቶውን ካነሱ በኋላ ጽሑፉን አንብበው ከፎቶው ስር በማይታይ ጽሑፍ ያስቀምጡታል፣ ሰርች እንዲሠራ ብለው። አንቺ ፎቶውን ብታጠቁሪው ስሩ ያለው ጽሑፍ እንዳለ ነው። ስለዚህ ገጹን ከፒዲኤፍ ወደ ፎቶ ቀይሪው፣ ፔይንት ላይ ክፈቺው፣ ሙሉ ጥቁር የሆነ ሬክታንግል አድርጊበትና ሴቭ አዝ ብለሽ ፒኤንጂ ወይ ጄፔግ የሆነ አዲስ ፋይል አውጪ፣ እንደዛ ሲወጣ ሥዕሉ አንድ ንጣፍ ብቻ ስለሚሆን የተቀባው ከተቀባ ከስር የሚቀር የለም። ብዥታ ወይ ካሬ ካሬ የሚያደርገውን ግን አትጠቀሚ። በ2007 ኢንተርፖል የሚፈልገው አንድ ሰው ፊቱን በኮምፒውተር አዙሮ አጠማዝዞ ፎቶ ለቅቆ ነበር፣ የጀርመን ፖሊሶች መልሰው አስተካክለውት ታይላንድ ላይ ተያዘ፣ ካሬ ካሬ የተደረገ ጽሑፍን የሚመልስ ፕሮግራም ደግሞ ዛሬ በነፃ ይገኛል። ስልክሽ ላይም በጥቁር ማርከር አትቀቢ፣ ማርከሩ በትንሹ አሳላፊ ስለሆነ ፎቶውን ብሩህ ሲያደርጉት ከስሩ ይታያል።

"ፕሪንት አድርጌ በማርከር አጥቁሬ ስካን ባደርገውስ" ትይ ይሆናል፣ ብዙ ቢሮ የሚሠራው ይሄንን ነው። ጁን 2023 ላይ ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን የሚባለውን የጌም ኩባንያ ሊገዛ ሲል ሳን ፍራንሲስኮ በነበረው የፍርድ ቤት ክርክር የሶኒ ሰነድ እንደዚህ በማርከር ተጠቁሮ ስካን ተደርጎ ገባ፣ ስካነሩ ግን ከማርከሩ ስር ያለውን የፕሪንተር ቀለም አነበበውና የአንድ ጌም ማምረቻ 220 ሚሊዮን ዶላር እንደፈጀ ሁሉም አየ። ወረቀት ከሆነ ስሙን በምላጭ ቆርጠሽ አውጪው፣ ቀዳዳው ስር ባዶ ወረቀት አድርገሽ ፎቶ ኮፒ አንሺው፣ ስካን የምታደርጊው ፎቶ ኮፒውን ነው። ድሮ የሚሠራበት ነው፣ እስካሁንም ይሠራል፣ ኮምፒውተሩን ለማያምን አለቃም ለማስረዳት ይቀላል።

ሶፍትዌር መግዛት አለብኝ ወይ ላልሽው፣ አይደለም። አክሮባት ፕሮ ካላችሁ ሪዳክት (አጥቁሮ ማጥፋት) የሚል መሣሪያ አለው፣ ማርክ ካደረግሽ በኋላ አፕላይ ማለት እንዳትረሺ፣ አፕላይ እስክትይ ድረስ ምልክት ብቻ ነው፣ ከዛ የተደበቀ መረጃ የሚያጠፋውን ሳኒታይዝ የሚለውን ጨምሪበት። ነፃው ሪደር ግን ይሄ የለውም፣ እዛ ላይ የሚሳለው ቦክስ ኮሜንት ነው፣ ተነስቶ ይወድቃል። ሊብሬኦፊስ ነፃ ነው፣ ከ2019 ጀምሮ ቱልስ ውስጥ ሪዳክት የሚል አለው፣ ሲጨርስ ገጾቹን ወደ ምስል ቀይሮ ነው ፒዲኤፍ የሚያወጣው፣ ከስር ጽሑፍ አይተርፍም። ማክ ያለው ሰው ፕሪቪው ላይ ያለው ሪዳክት ይበቃዋል። ኢንተርኔት ላይ "ፒዲኤፍዎን እዚህ ይጫኑ፣ እናጸዳለን" የሚሉትን ሳይቶች ግን ፈጽሞ፣ ምስጢሩን ለመደበቅ ብለሽ ምስጢሩን ለማታውቂው ሰው ሰርቨር ታስረክቢያለሽ።

አሁን ምርመራው። ፒዲኤፉን ክፈቺ፣ ኮንትሮል ኤ፣ ኮንትሮል ሲ፣ ኖትፓድ ላይ ፔስት፣ ባልደረባሽ ያደረገውን ማለት ነው፣ የወጣውን ሁሉ አንብቢው። ዝርዝርሽ ላይ ያሉትን ስሞች በየስፔሊንጉ ፈልጊ። ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብተሽ ኦተርና ታይትል እዪ። በግራ በኩል ያለውን ቡክማርክ (የርዕሶች ዝርዝር) ክፈቺ፣ ጃንዋሪ 2021 ላይ የአውሮፓ ኮሚሽን ከአስትራዜኔካ ጋር የተዋዋለውን የክትባት ውል ገጾቹን አጥቁሮ ሲያወጣ ቡክማርኩን ረስቶት የተጠቆረው ክፍል ከዛ ተነቧል። ማውጫና የስም ዝርዝር ካለም ተጠንቀቂ፣ በ2020 የጄፍሪ ኤፕስቲን ወዳጅ የነበረችው የጊሌን ማክስዌል በመሐላ የሰጠችው ቃል ሲወጣ ገጹ ላይ ስሞቹ ጠቁረው ነበር፣ መጨረሻ ላይ ያለው የቃላት ማውጫ ግን በፊደል ተራ ስለሆነ ጋዜጠኞች በየትኞቹ ቃላት መካከል እንደሚወድቁ እያዩ ስሞቹን አወጡ። ያንቺ ሪፖርት መጨረሻ ላይ "ቃለ መጠይቅ የተደረገላቸው ሰዎች" የሚል ሰንጠረዥ እንደሚኖር እርግጠኛ ነኝ፣ በፊደል ተራ ወይም በቀን ተራ ከሆነ አደባልቂው፣ ቀኑን አውጪው። በመጨረሻ ፋይሉን ለዛው ባልደረባሽ ስጪውና "ማን እንደሆኑ አግኝልኝ" በይው፣ አንቺ ለሁለት ቀን ያፈጠጥሽበትን ነገር ዓይንሽ ከዚህ በኋላ አያየውም።

ወደተላከው ፋይል ልመለስ። ቴሌግራም ላይ ማጥፋትሽ ጥሩ ነው ግን የቦርድ አባሉ አውርደውት ከነበረ ስልካቸው ወይ ላፕቶፓቸው ላይ አለ፣ ለሌላ ፎርዋርድ አድርገውትም ይሆናል። ስለዚህ ዛሬውኑ በጽሑፍ ሳይሆን ደውለሽላቸው፣ በትህትና፣ "የላክሁልዎ ፋይል ላይ ስሞቹ በደንብ አልወጡም፣ እባክዎ ያወረዱትንም ያጥፉልኝ፣ ለማን እንዳካፈሉትም ይንገሩኝ" በያቸው፣ ምክንያቱን ስትደብቂ ፋይሉን ሊመረምሩት ይችላሉ፣ በግልጽ ስትጠይቂያቸው ግን አብዛኛው ሰው ይተባበራል። ለኃላፊሽና ለሕግ ክፍላችሁ በዛሬው ቀን አሳውቂ፣ አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ ድርጅቱ ምን ግዴታ እንዳለበት እነሱ ያውቃሉ፣ አንቺ ብቻሽን የምትሸከሚው ጉዳይ አይደለም። የድሮውን ፒዲኤፍ ከኢሜይል ሴንት ፎልደርሽ፣ ከፍላሽ፣ ከጋራ ፎልደሩ፣ ከሪሳይክል ቢን ከማጥፋትሽ በፊት ግን የሕግ ክፍሉን ጠይቂ፣ ለምርመራ አንድ ኮፒ ተቆልፎ ይቀመጥ ሊሉ ይችላሉ።

ሦስቱ ሴቶችም መስማት አለባቸው። ይሄ ከሁሉም የሚከብደው እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ስማቸው ለማን እንደደረሰ ያላወቀ ሰው ራሱን መጠበቅ አይችልም፣ ነገ ከኃላፊው አፍ ከሚሰሙት ዛሬ ካንቺ ወይም ካመኑት ሰው ይስሙት። ፋይሉ የሄደው ለአንድ የቦርድ አባል ብቻ ከሆነና ካላካፈሉት ያንንም ንገሪያቸው። ምስክሮቹንም እንዳትረሺ፣ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው። አዲሱን ፒዲኤፍ ስትጨርሺ ኮንትሮል ኤ አድርገሽ ኖትፓድ ላይ የወጣውን የመጀመሪያ ገጽ ከፈለግሽ ጻፊልኝ፣ "ቅሬታ አቅራቢ" ከሚለው ውጭ ስም የሌለበት መሆኑን ግን ከመላክሽ በፊት አንቺው አረጋግጪ።